ከ80 ሚሊሜትር ቱቦ ወደ 230 ሚሊሜትር ታንክ፦ ቢሙን የሚያናውጠውን ኢምፔዳንስ ንድፉ ላይ እያለ እንዴት እንቀንሰው?

ታንክ_ነዳፊ ጻፈ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከታች ያለው ንድፍ ወደ ወርክሾፕ ሳይወርድ ዓይናችሁን ቢያገኝ ደስ ይለኛል። ኢምፔዳንስ ስል ቱቦው ለሚያልፈው ቢም (የቅንጣቶች ጨረር) የሚሰጠውን የኤሌክትሪክ ምላሽ መጠን ማለቴ ነው።

የቢም ቱቦው ክብ ነው፤ የውስጥ ዲያሜትሩ 80 ሚሊሜትር። መሃል ላይ 230 ሚሊሜትር ዲያሜትርና 200 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ታንክ ይገባል፤ ከ316ኤል ስቴንለስ የተሠራ። ታንኩ ውስጥ የቢሙን ቅርጽ የሚያሳይ ስክሪን አለ፤ በሞተር እየተገፋ ይገባል፣ ይወጣል። የሚገባው ማሽኑ ሲስተካከል ብቻ ነው። በአንዱ ጫፍ ቤሎው (እንደ አኮርዲዮን የሚሳብና የሚገፋ እጥፋት ቱቦ)፣ በጎን ደግሞ አዮን ፓምፕ (የቫኪዩም ፓምፕ) አለው።

ቢሙን በሰርን ያለው ትልቁ ሃድሮን ኮላይደር (ኤልኤችሲ) ከማሻሻያው በኋላ የሚይዘው ዓይነት አድርጋችሁ ውሰዱት፦ ፕሮቶን፣ 1.1 አምፔር፣ በጥቅልና በጥቅል (አብረው በሚሮጡ የፕሮቶን ስብስቦች) መካከል 25 ናኖሰከንድ፣ የአንዱ ጥቅል ሲግማ (የርዝመቱ መለኪያ) 8 ሴንቲሜትር ገደማ።

ሲሙሌሽኑ 1 ጊጋኸርዝ አካባቢ ጠንካራ ሞድ (ታንኩ በራሱ የሚያስተጋባበት የመስክ ቅርጽ) ያሳየኛል። ጥያቄዎቼ፦ ይህ ያሰጋል ወይ? ፌራይት (ማዕበል የሚውጥ መግነጢሳዊ ሴራሚክ) ይበቃል ወይስ መከለያ ያስፈልጋል? ቤሎውን ክፍት ብተወውስ? ሲሠራ ደግሞ በምን ልለካው?

ጀርባ_ሞገድ መለሰ፦

ያሰጋል። ምን ያህል እንደሚያሰጋ በእጅ ሒሳብ ማየት ይቻላል።

ጥቅሉ ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ በግድግዳው ላይ እኩልና ተቃራኒ ጅረት አብሮት ይሮጣል። ግድግዳው ለስላሳ ከሆነ ጅረቱ እግር በእግር ይከተለዋል። መንገዱ ድንገት ሲሰፋ ግን ጅረቱ በታንኩ ጓዳ ዞሮ መምጣት አለበት፤ እስኪደርስ ጥቅሉ አልፏል። የቀረው መስክ ታንኩ ውስጥ እንደ ደወል ያስተጋባል፤ ተከታዩ ጥቅል ሲደርስ የፊተኛው የተወውን ድምፅ ይሰማል ማለት ነው።

ታንኩን በሁለቱም በኩል እንደተዘጋ ቆርቆሮ ቆጥረን እናስላ። የመጀመሪያው ሞድ ፍሪኩዌንሲ በጊጋኸርዝ 11.48ን በሴንቲሜትር ለተለካው ራዲየስ ማካፈል ነው፦ 11.48 ለ11.5፣ ማለትም 1.0። ይኸው ሞድ በ4 ሴንቲሜትሩ ቱቦ ሾልኮ ለመውጣት ከ2.87 ጊጋኸርዝ በላይ መሆን ነበረበት። ስለዚህ መውጫ የለውም፤ እዚያው ታፍኖ ይቀራል።

በ1 ጊጋኸርዝ ጅረት ስቴንለስ ውስጥ የሚገባው 13.7 ማይክሮሜትር ያህል ብቻ ነው (ስኪን ዴፕዝ የሚባለው)። ከዚህ ተነስተን ስናሰላ ኪው (ማስተጋባቱ ምን ያህል እንደሚቆይ የሚለካ ቁጥር) 5,300 ገደማ ይመጣል። አር በኪው (ሻንት ኢምፔዳንሱ ለኪው ሲካፈል) ደግሞ 55 ኦም ገደማ ነው። ሁለቱ ሲባዙ ሻንት ኢምፔዳንሱ (በሞዱ ጫፍ ላይ ያለው ኢምፔዳንስ) 290 ኪሎኦም ይሆናል። የቱቦው ቀዳዳ ይህን ዝቅ ያደርገዋል፤ ሆኖም እርከኑ እዚያው ነው።

የማስተጋባቱ ዕድሜ (ሁለት ኪው ለኦሜጋ፣ ኦሜጋ ሁለት ፓይ ሲባዛ በፍሪኩዌንሲው ነው) 1.7 ማይክሮሰከንድ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ 68 ጥቅሎች ያልፋሉ። አንዱ ጥቅል ትንሽ ሲወዛወዝ መልእክቱ ለ68ቱ ይደርሳል ማለት ነው፤ የተጣመረ የጥቅሎች ንዝረት የሚጀምረው እንዲህ ነው።

ሙቀቱስ? ሞዱ በቢሙ የስፔክትረም መስመር (ቢሙ ኃይል ከሚይዝባቸው ፍሪኩዌንሲዎች አንዱ) ላይ በትክክል ከወደቀ የሚወርደው ኃይል ሁለት ጊዜ የጅረቱ ካሬ፣ ሲባዛ በሻንት ኢምፔዳንሱ፣ ሲባዛ በስፔክትረሙ ክብደት ነው። በ1 ጊጋኸርዝ ለ8 ሴንቲሜትር ጥቅል ክብደቱ 0.056 ገደማ ነው። ውጤቱ ወደ 39 ኪሎዋት! እርግጥ መስመሮቹ በየ40 ሜጋኸርዝ ናቸው፤ የሞዱ ወርድ ደግሞ 190 ኪሎኸርዝ ብቻ ስለሆነ ሊስተው ይችላል። ችግሩ ግን 25ኛው መስመር 1,002 ሜጋኸርዝ ላይ ተቀምጦልሃል፤ አፍንጫህ ሥር። ስቴንለስ በአንድ ዲግሪ ሙቀት ሞዱን በ16 ኪሎኸርዝ ያህል ይገፋዋል፤ ወርክሾፑ በራዲየሱ ላይ አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ቢስት 0.9 ሜጋኸርዝ ይሄዳል። ዛሬ የሳተው ነገ ይመታል። በዕድል ላይ አትንደፍ።

ኦም_በኦም መለሰ፦

የጀርባ_ሞገድ ሒሳብ ትክክል ነው፤ አንድ ወጥመድ ግን አለ። ሻንት ኢምፔዳንስ ሁለት ዓይነት ፍቺ አለው። የሊናክ (የቀጥታ ማፋጠኛ) ሰዎች የቮልቴጅ ካሬን ለኃይል ያካፍላሉ፤ የክብ ማሽን ሰዎች ለሁለት እጥፍ ኃይል ያካፍላሉ። ከላይ ያለው 55 ኦም በሁለተኛው ፍቺ ነው፤ በመጀመሪያው 110 ይሆናል። የሲሙሌሽን ሶፍትዌር የሚሰጥህ ቁጥር የትኛው እንደሆነ ሳታጣራ ቀመር ውስጥ ከከተትከው በሁለት እጥፍ ትስታለህ፤ ስህተቱ ደግሞ ራሱን አይገልጥም፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ሌላው፦ የ1 ጊጋኸርዙን ሞድ ብቻ አትመልከት። ቢሙን ወደ ጎን የሚገፋው የመጀመሪያው ሞድ እዚሁ ታንክ ውስጥ 1.6 ጊጋኸርዝ አካባቢ አለ። በርዝመት አቅጣጫ ስፔክትረሙ እዚያ ሲደርስ ሞቷል ብለህ አትናቀው፤ በጎን ንዝረት ክሮማቲሲቲ (የቅንጣቱ ኃይል ሲለያይ የጎን ንዝረቱ ብዛት የሚለዋወጥበት መጠን) ስፔክትረሙን ያንሸራትተዋል። በኤልኤችሲ ክሮማቲሲቲው 15 ሲሆን ሽግሽጉ ከግማሽ ጊጋኸርዝ ይበልጣል። በተጨማሪ የጎን ግፊት በቦታው ቤታ ፈንክሽን (ቢሙ እዚያ ምን ያህል እንደሚሰፋ በሚገልጸው ቁጥር) ይባዛል፦ ያው ታንክ ቤታው 50 ሜትር ከሆነበት ቦታ ይልቅ 200 ሜትር በሆነበት ቦታ በአራት እጥፍ ይጎዳል። ቦታ የመምረጥ ዕድል ካለህ አሁን ተጠቀምበት።

ብረት_ቆራጭ መለሰ፦

ይህን ያህል ማካበድ ለምን? ሁለት የፌራይት ሳህን ታንኩ ግድግዳ ላይ ለጥፍ፣ ኪው ከ5,000 ወደ 50 ይወርዳል፣ አለቀ። መከለያ ማለት ተጨማሪ ተንቀሳቃሽ ዕቃ ነው። ተንቀሳቃሽ ዕቃ ደግሞ ይሰበራል።

ጀርባ_ሞገድ መለሰ፦

@ብረት_ቆራጭ ግማሹ እውነት ነው። ኪው 50 ሲሆን ማስተጋባቱ በ16 ናኖሰከንድ ይጠፋል፤ ቀጣዩ ጥቅል በ25 ሲደርስ አብዛኛው ሄዷል። ለጥቅሎች መጣመር ይህ መድኃኒት ነው።

ለሙቀት ግን አይደለም። አር በኪው የቅርጽ ጉዳይ ነው፤ ፌራይት አይነካውም። አንድ ጥቅል ብቻውን ሲያልፍ ታንኩ ውስጥ የሚጥለው ኃይል የሚወሰነው በዚያው አር በኪው ነው። ፌራይቱ ኃይሉን አላጠፋውም፤ ከታንኩ ግድግዳ ወስዶ ራሱ ላይ አወረደው። በቫኪዩም ውስጥ ደግሞ ፌራይት ሙቀቱን የሚያስተላልፍበት መንገድ ጠባብ ነው፦ ተሰባሪ ስለሆነ አጥብቀህ አታስረውም፤ ካላጠበቅከው ንክኪው ደካማ ይሆናል። ሲሞቅ የኩሪ ሙቀቱን ያልፍና ፌራይትነቱን ይተዋል፤ ከዚያ በኋላ የሴራሚክ ቁራጭ ነው። ሲሞቅ ጋዝም ይተፋል።

ይህ በወረቀት ብቻ የተባለ አይደለም። በ2012 ኤልኤችሲ ላይ የሲንክሮትሮን ብርሃን (ቢሙ ሲጠመዘዝ የሚያወጣውን) የሚመለከተው ቴሌስኮፕ መስታወትና መያዣው በቢም ሙቀት ተጎድተዋል፤ ሞዱን እንዲውጡ የተቀመጡት ፌራይቶች በቂ ማቀዝቀዣ አልነበራቸውም። የኢንጀክሽን ኪከሮቹም (ቢሙን ወደ ቀለበቱ የሚያስገቡት) ማግኔታቸው ራሱ ፌራይት ስለሆነና ኩሪው 125 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ከሞቁ በኋላ እስኪቀዘቅዙ የተጠበቀባቸው ጊዜያት ነበሩ።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ጓዳውን ከቢሙ ዓይን ሰውር። መሰወር ካልተቻለ ቅርጹን ቀይረህ አር በኪውን ቀንስ። ፌራይት የመጨረሻው ነው፤ እሱም ከውሃ ማቀዝቀዣ ጋር። ዕቃው ማሽኑ ውስጥ ገብቶ ከሞቀ በኋላ ፌራይት ፍለጋ መሮጥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ፍላንጅ_7 መለሰ፦

ወደ መከለያው ልግባ።

ስክሪኑ የሚገባው አልፎ አልፎ ከሆነ ማንቀሳቀሻው ሁለት ቦታ ይኑረው። በአንዱ ቦታ ስክሪኑ፣ በሌላው 80 ሚሊሜትር የውስጥ ዲያሜትር ያለው ቁራጭ ቱቦ። በመደበኛ ሥራ ቢሙ ሲያልፍ የሚያየው ያልተቋረጠ ቱቦ ነው፤ ታንኩ ከኋላ ተደብቋል።

ፓምፑ እንዲስብ መከለያው ላይ ስንጥቆች ያስፈልጋሉ። ስንጥቁ በቢሙ አቅጣጫ ይርዘም፤ የግድግዳው ጅረት የሚሄደው በዚያ በኩል ስለሆነ ቁመታም ስንጥቅ ብዙም አያግደውም፣ አግድም ስንጥቅ ግን ይቆርጠዋል። 4 ሚሊሜትር ስፋትና 20 ሚሊሜትር ርዝመት ጥሩ መነሻ ነው፦ 20 ሚሊሜትር ግማሽ ሞገድ የሚሆነው 7.5 ጊጋኸርዝ ላይ ነው፤ ያንተ ቢም እዚያ አይደርስም። ጫፎቹን በ2 ሚሊሜትር ራዲየስ አክብባቸው። ስፋት ከርዝመት ይልቅ ይጎዳል፤ ተጨማሪ ቀዳዳ ከፈለግህ አታስፋው፣ ቁጥሩን ጨምር።

ስንት ይሁኑ? የ200 ሚሊሜትሩ መከለያ ስፋት 500 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። 4 በመቶው 20 ካሬ ሴንቲሜትር፤ ማለትም 26 ስንጥቅ። በክፍሉ ሙቀት ለናይትሮጅን አንድ ካሬ ሴንቲሜትር ቀዳዳ 11.8 ሊትር በሰከንድ ያሳልፋል፤ የግድግዳው ውፍረት የሚወስደውን ቀንሰህ ወደ 180 ሊትር በሰከንድ ይቀርሃል። ለመካከለኛ አዮን ፓምፕ አይከፋም።

4 በመቶውን ከየትም አላመጣሁትም። የኤልኤችሲ የቀዝቃዛ ክፍሎች የቢም መከለያ በዚሁ ልክ የተሰነጠቀ ነው፦ 1 ሚሊሜትር ስቴንለስ፣ ውስጡ 75 ማይክሮሜትር መዳብ የተለበጠ፣ ስንጥቆቹ 8 ሚሊሜትር ገደማ ሆነው ርዝመታቸው ሆን ተብሎ የተዘበራረቀ። ሁሉም እኩል ቢሆኑ ከእያንዳንዱ የሚሾልከው ማዕበል ተደምሮ ይጎለብታል፤ በ26 ስንጥቅ ይህ አያስጨንቅህም፤ በኪሎሜትሮች ላይ ግን ያስጨንቃል።

እንዲህ ያለው ሥራ ውጤት እንዳለው ኤስፒኤስን (ኤልኤችሲን የሚመግበውን የሰርን ማፋጠኛ) ተመልከቱ። በማግኔቶቹ መካከል የነበሩት ወደ 800 የሚጠጉ የፓምፕ ጓዳዎች በ1999 እና በ2001 መካከል ተከለሉ። ከዚያ በፊት ጥቅሉን በርዝመቱ የሚያሳብጠው የማይክሮዌቭ ኢንስታቢሊቲ ከዚያ በኋላ ከመንገድ ተነሳ። ማሽኑ ያው፣ ማግኔቱ ያው፤ የተቀየረው ቆርቆሮ ነው።

አዲስ_ተማሪ መለሰ፦

ይቅርታ፣ ጀማሪ ነኝ። ቱቦውን በአንዴ ከማስፋት ይልቅ ቀስ አድርጎ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ማስፋት አይቻልም? መጻሕፍት ላይ ከ15 ዲግሪ ያልበለጠ ሾጣጣ ይላሉ።

ኦም_በኦም መለሰ፦

@አዲስ_ተማሪ ይቻላል፤ እዚህ ግን ቦታ የለም። ከ40 ወደ 115 ሚሊሜትር ራዲየስ ለመድረስ 75 ሚሊሜትር መውጣት አለብህ። በ15 ዲግሪ 280 ሚሊሜትር ርዝመት ይፈልጋል፤ መውጫና መውረጃ ሲሆን 560። ታንኩ ራሱ 200 ነው።

ቦታ ቢኖርም ሾጣጣ የሚያሻሽለው ሰፊውን የፍሪኩዌንሲ ክልል፣ ማለትም የደረጃውን ግጭት ነው። መሃል ላይ ሰፊ ጓዳ እስካለ ድረስ የታፈነው ሞድ እዚያው ይኖራል፤ ትንሽ ቦታ ይቀይራል እንጂ። ሾጣጣ የሚያዋጣው መንገዱ ሲጠብብ ነው፤ ለምሳሌ ኮሊሜተር (የቢሙን ጠርዝ የሚቆርጥ ዕቃ) መንጋጋ ጫፍ ላይ።

ሽቦ_ወጣሪ መለሰ፦

@ፍላንጅ_7 የጻፍከው መከለያ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ንድፍ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

መከለያው በሁለቱም ጫፍ ከቱቦው ጋር በኤሌክትሪክ መገናኘት አለበት። በአንዱ ጫፍ ብቻ ከነካና በሌላው 1 ሚሊሜትር ክፍተት ቢቀር ምን ይሆናል? መከለያው የውስጥ አስተላላፊ፣ ታንኩ የውጭ አስተላላፊ ሆነው ኮአክሲያል መስመር ይሠራሉ፤ በአንድ ጫፍ የተዘጋ፣ በሌላው ክፍት። 200 ሚሊሜትር ሩብ ሞገድ ይሆናል፦ 375 ሜጋኸርዝ። ክፍተቱ ካፓሲተር ስለሚሆን በተግባር ከዚያም ዝቅ ይላል። በዚያ ፍሪኩዌንሲ የቢሙ ስፔክትረም ክብደት 0.67 ነው፤ በ1 ጊጋኸርዝ 0.056 ነበር። 12 እጥፍ! የተንገዳገደ መከለያ መከለያ ከሌለው ታንክ የባሰ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ጫፍ ከተንሳፈፈ ደግሞ ግማሽ ሞገድ፣ 750 ሜጋኸርዝ።

ስለዚህ በሁለቱም ጫፍ ዙሪያውን የኮንታክት ስፕሪንግ አድርግ። አንድ ሽቦ ወይም ሁለት ብሎን መሬት አይባልም፤ ጅረቱ ዙሪያውን እኩል ነው የሚመጣው።

ታንክ_ነዳፊ ጻፈ፦

375 ሜጋኸርዙን በሲሙሌሽን ሞክሬ አየሁት፤ እውነትም አለ፤ ክፍተቱን 0.5 ሳደርገው ደግሞ ወደ ታች ወረደ። ኮንታክት ስፕሪንግ ገብቷል። አሁን ቤሎውስ? አንድ ቤሎው ነው፤ ትንሽ ነገር አይደለም?

ፍላንጅ_7 መለሰ፦

አንዱ ትንሽ ነው፤ ማሽኑ ውስጥ ግን አንድ ብቻ አይሆንም።

የቤሎው እጥፋት ለቢሙ ኢንዳክታንስ ነው። ግምቱ ቀላል ነው፦ ሚዩ ኖት (የቫኪዩም መግነጢሳዊ ቋሚ ቁጥር) ለሁለት ፓይ፣ ሲባዛ በእጥፋቶቹ አጠቃላይ ክፍት ርዝመት፣ ሲባዛ በጥልቀታቸው፣ ሲካፈል ለቱቦው ራዲየስ። 100 ሚሊሜትር ቤሎው ግማሹ ክፍት ቢሆን 50 ሚሊሜትር፣ ጥልቀቱ 10፣ ራዲየሱ 40፦ ውጤቱ 2.5 ናኖሄንሪ።

አሁን ከበጀቱ ጋር አወዳድር። የኤልኤችሲ የርዝመት ኢምፔዳንስ በሃርሞኒክ (በዙር ፍሪኩዌንሲው ብዜት ቁጥር) ሲካፈል 0.1 ኦም ገደማ ነው። በዙር ፍሪኩዌንሲው፣ በ11.245 ኪሎኸርዝ፣ ይህ 1.4 ማይክሮሄንሪ ይሆናል። ይህ ለ26.7 ኪሎሜትር ሙሉ ቀለበት ነው! እንደ ያንተ ያለ ክፍት ቤሎው 1,000 ቢኖር 2.5 ማይክሮሄንሪ፤ የማሽኑን ጠቅላላ በጀት ብቻቸውን ያልፉታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ፤ እዚህም አንበሳው ቢሙ ነው።

ሽቦ_ወጣሪ መለሰ፦

ቤሎው የሚከለለው በአርኤፍ ፊንገር ነው፦ ከመዳብ ቤሪሊየም የተቆረጡ ቀጫጭን ጣቶች፣ ቤሎው ሲሳብና ሲገፋ በተቃራኒው ቱቦ ላይ የሚንሸራተቱ። ጣቶቹ ወርቅ፣ የሚንሸራተቱበት ቱቦ ሮዲየም ይለበጣል፤ ሁለት ንጹሕ ለስላሳ ብረት በቫኪዩም ውስጥ ሲነካካ ይጣበቃል፣ ሲላቀቅ ይቦጨቃል።

ችግሩ ጣቶች ሲበላሹ ነው። በ2007 የኤልኤችሲ አንድ ክፍል ቀዝቅዞ እንደገና ሲሞቅ አንዳንዶቹ ጣቶች ወደ ውስጥ ጎብጠው የቢሙን መንገድ ዘጉ። የት እንዳሉ ለማወቅ 40 ሜጋኸርዝ የሚያሰራጭ መሣሪያ የያዘች፣ 34 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያላት የፕላስቲክ ኳስ በአየር ግፊት ቱቦው ውስጥ ተነዳች፤ የቢም ቦታ ጠቋሚዎቹ ስታልፍ ያዩአታል፤ የቆመችበት ቦታ ላይ የጎበጠ ጣት አለ። የፒንግፖንግ ኳስ ታህል ነበር፤ ዘዴው ግን ጥርት ያለ ነው።

በ2011 ደግሞ በትልልቅ ድርብ ቤሎዎች ላይ ጣቶቹን ቱቦው ላይ አጥብቆ የሚይዘው ስፕሪንግ ተበጠሰ፣ ጣቶቹ ተንጠለጠሉ፣ ሞቁ። ከዚያ በኋላ በኤክስሬይ ሲመረመር የታየው ይህ ነው፦ በትክክል የነካ ጣት ብዙ ችግር አያመጣም፤ የተንጠለጠለ ጣት ግን ክፍተት ይፈጥራል፣ ክፍተቱ ሞድ ይሆናል፣ ሞዱ ያሞቃል፣ ሙቀቱ ስፕሪንጉን ያላላል፣ ክፍተቱ ይሰፋል።

በንድፍህ ላይ ልብ በል፦ ጣቱ ቤሎው በሙሉ ሲሳብ እንኳ ከቱቦው እንዳይወጣ በቂ መደራረብ ይኑረው፤ ሁለቱ ቱቦዎች ወደ ጎን ስንት ሚሊሜትር ሊሳሳቱ እንደሚችሉ በሥዕሉ ላይ ጻፍ፤ ከተጫነ በኋላ ኤክስሬይ ማንሳት የሚቻልበት ቦታ ይኑር። ለተሻሻለው ኤልኤችሲ ጭራሹን የማይንሸራተት፣ እንደ ሞገድ የታጠፈና የሚለጠጥ የመዳብ ቤሪሊየም ድልድይ ተሠርቷል፤ ተንሸራታች ንክኪ ስለሌለው የሚላላ ነገር የለም። የእንቅስቃሴው ርቀት አጭር ከሆነ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

አዲስ_ተማሪ መለሰ፦

መከለያውን በመዳብ ልልበጠው ቢል ይጠቅማል? ወፍራም ነው ቀጭን የሚያስፈልገው?

ኦም_በኦም መለሰ፦

በ1 ጊጋኸርዝ ጅረቱ መዳብ ውስጥ የሚገባው 2.1 ማይክሮሜትር ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ማይክሮሜትር ለከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ ይበቃል። ዝቅተኛው ግን ሌላ ነው፦ ኤልኤችሲ ውስጥ የመጀመሪያው አስቸጋሪ የጎን መስመር 8 ኪሎኸርዝ አካባቢ ነው፤ እዚያ መዳብ ውስጥ ጅረቱ 0.73 ሚሊሜትር ይገባል። 200 ሚሊሜትር ርዝመትና 40 ሚሊሜትር ራዲየስ ላለው ዕቃ ይህ አያስጨንቅም።

የሚያስጨንቀው መንገዱ ሲጠብብ ነው፤ የግድግዳው የጎን ኢምፔዳንስ ከራዲየሱ ኩብ ጋር ይቃረናል። ክፍተቱ በግማሽ ሲጠብብ ኢምፔዳንሱ 8 እጥፍ ይሆናል። የኤልኤችሲ ኮሊሜተሮች መንጋጋ ከቢሙ በጥቂት ሚሊሜትር ርቀት ስለሚቆም፣ ከካርቦን ፋይበር ስለተሠራ (5 ማይክሮኦም ሜትር ገደማ)፣ ከማሽኑ ኢምፔዳንስ ትልቁን ድርሻ የሚይዙት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ከ2019 እስከ 2021 በነበረው ረጅም እረፍት ከሁለተኛ ደረጃዎቹ የተወሰኑት 1 ማይክሮኦም ሜትር ገደማ ባለው ሞሊብዲነም ግራፋይት ተተክተው፣ ፊታቸው 5 ማይክሮሜትር ሞሊብዲነም ተለብጧል።

5 ማይክሮሜትር ከስኪን ዴፕዝ በጣም ቀጭን ሆኖ እንዴት ይጠቅማል የሚል ካለ፦ የልባጡን ሬዚስቲቪቲ ለውፍረቱ አካፍል፤ 10 ሚሊኦም ገደማ ነው። ከሥሩ ያለው ቁስ የገጽ ሬዚስታንስ ከዚህ ሲበልጥ ጅረቱ ልባጡን ይመርጣል። ለሞሊብዲነም ግራፋይት ይህ የሚሆነው ከ30 ሜጋኸርዝ አካባቢ ጀምሮ ነው። ጥቅሉ ራሱን በራሱ የሚያናውጥበት ክልል ከዚያ በላይ ነው፤ በ8 ኪሎኸርዙ ያለውን ደግሞ ፊድባኩ (ንዝረቱን አይቶ መልሶ የሚገታው መሣሪያ) ይይዘዋል።

ብረት_ቆራጭ መለሰ፦

እሺ፣ ስለ ፌራይቱ ተረታሁ። ግን ኦክቱፖል ማግኔት (ንዝረትን የሚያረጋጋው)፣ ፊድባክ፣ ክሮማቲሲቲ የሚባሉት ለምን ተሠሩ ታዲያ? ሁሉን ነገር በቆርቆሮ መፍታት አለብን?

ጀርባ_ሞገድ መለሰ፦

እነዚያ ያስፈልጋሉ፤ ዋጋ ግን ያስከፍላሉ። ኦክቱፖል ሲበዛ ቢሙ የሚረጋበት ክልል ይጠብባል፣ ዕድሜው ያጥራል። ፊድባክ የጥቅሉን መሃል ያያል እንጂ የጥቅሉ ራስና ጭራ ሲወዛወዙ መሃሉ ካልተነቃነቀ ብዙም አያይም። አንድ ታንክ የበላው ኅዳግ ለቀሪው ማሽን የለም። ሙቀትን ደግሞ ከሦስቱ አንዳቸውም አይነኩትም።

ታንክ_ነዳፊ ጻፈ፦

መለካቱ ቀርቷል። በላቦራቶሪ ቬክተር ኔትወርክ አናላይዘር (የሚያልፈውንና የሚመለሰውን ማዕበል የሚለካ መሣሪያ) አለ። ሽቦ ወጥሬ ልለካ ነው።

ሽቦ_ወጣሪ መለሰ፦

ስሜም ይህ ስለሆነ እኔ ልመልስ።

0.5 ሚሊሜትር ሽቦ በ80 ሚሊሜትር ቱቦ መሃል ስትወጥር የመስመሩ ባሕርያዊ ኢምፔዳንስ 60 ሲባዛ በ160 ናቹራል ሎግ፣ 304 ኦም ነው። ኬብልህ 50 ኦም ስለሆነ በየጫፉ 254 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ ግጠም፤ ትንሽና ኢንዳክታንስ የሌለው ይሁን፣ እግሩን አሳጥረው። ሬዚስተሩ ከሽቦው በኩል ብቻ ነው የሚያስተካክለው፤ ከኬብሉ በኩል 558 ኦም ይታያል። ስለዚህ በየጫፉ ከ6 እስከ 10 ዲቢ አቴኑዌተር (ማዳከሚያ) አስገባ፤ ካልሆነ ማዕበሉ በኬብሉ ሲመላለስ ያየኸው ሁሉ ሞድ ይመስልሃል።

መጀመሪያ ያንኑ ርዝመት ያለው ለስላሳ ቱቦ ለካ፤ ቀጥሎ ታንኩን። ኢምፔዳንሱ ሁለት ጊዜ 304፣ ሲባዛ በሁለቱ ኤስ21 (ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ያለፈው ማዕበል) ጥምርታ ናቹራል ሎግ፣ በኔጌቲቭ ምልክት። 1 ኦም ማለት 0.014 ዲቢ ብቻ ነው! ኬብል ከነቀነቅህ ወይም አናላይዘሩ ሳይሞቅ ከጀመርህ የምትለካው ኬብሉን ነው።

ዋናው ማስጠንቀቂያ ግን ይህ ነው፦ ሽቦ ለታፈነ ሞድ አይሆንም። ሽቦው ራሱ ለሞዱ መውጫ በር ይከፍትለታል፤ ኪው 5,000 የነበረው በመቶዎች ሆኖ፣ ፍሪኩዌንሲውም ተንሸራቶ ይታያል። «ሞዱ ደካማ ነው» ብለህ ትደሰታለህ፤ ያደከምከው አንተ ነህ። ለታፈነ ሞድ ሽቦውን አውጣ፣ ሁለት ትናንሽ አንቴና በሁለቱ የቱቦ አፍ አስገባ፣ ኤስ21 ጫፉ ላይ ከ40 ዲቢ በታች እስኪሆን ወደ ኋላ ሳባቸው፣ የ3 ዲቢ ወርዱን ለካና ኪውን አውጣ። አር በኪውን ከሲሙሌሽን ውሰድ።

ኦም_በኦም መለሰ፦

ስለ ሲሙሌሽኑም፦ የዌክ ሶልቨር (ጥቅሉ ከኋላው የሚተወውን መስክ የሚያሰላ ሶፍትዌር) በ1 ጊጋኸርዝ 190 ኪሎኸርዝ ወርድ ያለውን ሞድ በትክክል ለማየት ከቢሙ ኋላ 1.6 ኪሎሜትር መከተል አለበት። ማንም ይህን አያሮጥም። 50 ሜትር አሂዶ ጫፉን አንብቦ «ኢምፔዳንሱ ይኸው» የሚል ብዙ ነው፤ ያ ጫፍ የመቁረጫው ርዝመት ውጤት ነው። ዌክ ሶልቨሩን ለሰፊው ክልል፣ አይገንሞድ ሶልቨሩን (ሞዶቹን በቀጥታ የሚያሰላውን) ለታፈነው ሞድ ተጠቀም። 2 ሴንቲሜትር ሲግማ ያለው ምንጭ ስፔክትረሙ አንድ አሥረኛ እስኪደርስ 5 ጊጋኸርዝ ይደርሳል፤ ያንተን ጉዳይ ይሸፍናል።

ታንክ_ነዳፊ ጻፈ፦

የተሻሻለው ንድፍ፦ ማንቀሳቀሻው ሁለት ቦታ፤ መከለያ ቱቦ 80 ሚሊሜትር፣ 26 ቁመታም ስንጥቅ፤ በሁለቱም ጫፍ ዙሪያውን ኮንታክት ስፕሪንግ፤ ቤሎው በተለጣጭ ድልድይ ተከልሏል፤ ታንኩ ቤታው አነስ ወዳለበት ቦታ 3 ሜትር ተዛውሯል። ስክሪኑ ገብቶ ሳለ ሞዱ ስለሚመለስ በዚያ ቦታ ጥቂት ጥቅሎች ብቻ እንዲገቡ ኢንተርሎክ (ከልካይ መቆለፊያ) ይደረጋል። የረሳሁት አለ?

ፍላንጅ_7 መለሰ፦

የኮንታክት ስፕሪንጉን የሚይዙት ብሎኖች ቀዳዳቸው መጨረሻው የታፈነ ከሆነ መተንፈሻ ይኑራቸው፤ አየር ታፍኖ ከቀረ ቫኪዩሙን ለሳምንታት ያጓትተዋል።

ሽቦ_ወጣሪ መለሰ፦

ከመረከብህ በፊት ማንቀሳቀሻውን ብዙ ጊዜ አስገባና አስወጣ፤ ከዚያ አንቴናዎቹን መልሰህ 300 እና 400 ሜጋኸርዝ መካከል ቃኝ። መጀመሪያ ያልነበረ ጫፍ ካየህ ከስፕሪንጎቹ አንዱ ለቋል፤ ታንኩን ክፈተው።